ፊርማ የሌለው ፈተና

ሲስተር ገመድ ከአዳር ስትወጣ እግሯ አብጦ ጫማዋ ጠቧት ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ቤቷ ገብታ እንደ ግንድ ትጋደም ነበር። ዛሬ ግን የሆስፒታሉን ግቢ አቋርጣ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ወዳለችው የኮምፒውተር ክፍል እግሯን እየጎተተች ሄደች። አሥር ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፤ ሦስቱ አይሠሩም፣ አንዱ ደግሞ ምጥ እንደያዛት ሴት ያቃስታል። ከሚያቃስተው ፊት ተቀመጠች። እሱን ቢያንስ ትለምደዋለች።

ገመድ ያሏት ባልደረቦቿ ናቸው። ሐኪም ሁሉ እስክሪብቶዋን እየተዋሰ ይዞባት ሲጠፋ መረራትና፣ አንድ ቀን በፋሻ ቁራጭ ከኪሷ ጋር አሰረችው። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት፣ የሚዋሳት ሰው አጠገቧ ቆሞ፣ እንደታሰረ ፍየል ገመዱ እስከሚደርስ ድረስ ብቻ ይጽፋል።

የሙያ ፈቃዷ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። የማደሻው ፈተና ድሮ በወረቀት ነበር፤ ዘንድሮ በኮምፒውተር ሆነ። ከመቶ ሰባ ያላገኘ መርፌ አይነካም፣ አንሶላ ማጠፊያ ክፍል ይመደባል ተብሏል። ፈተናው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ድረስ ለመለማመጃ ሦስት የሙከራ ዕድል ተሰጥቷል። ከሦስት በላይ የለም።

ታናሽ እህቷ ሚጢ ቢሮ ከመግባቷ በፊት ልታሳያት መጥታለች። ሚጢ ጸሐፊ ናት፤ ጣቷም ምላሷም ፈጣን ነው። እናታቸው ስትሞት ሚጢ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደገቻት፣ ጊዜው ባለፈበት የመድኃኒት ቻርት ጀርባ ላይ ፊደል ያስቆጠረቻት፣ ይህችው እህቷ ናት።

«በይ እትዬ፣ ፓስወርድሽን አስገቢ።»

«ምን ነበር?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እጄ ላይ ጽፌዋለሁ አላልሽም?»

«ታጠብኩት።»

«ፓስወርድ ታጠብሽ?»

«እጄን ነዋ! ባልታጠበ እጅ መርፌ ልወጋልሽ?»

ሌላ ፓስወርድ እስኪያወጡ ሩብ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ። ስለ ትኩሳት ነበር። ሲስተር ገመድ ከንፈሯን ነከሰችና «ይሄንንማ አልጋውም ያውቀዋል» አለች። መልሱን ነካች። ከዚያም እጇ ሳያመነታ፣ ከታች ወዳለው ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ሄዶ ተጫነው። ቁልፉ ላይ «አስረክብ» ይላል።

ስክሪኑ ነጭ ሆነ። *ፈተናዎን አጠናቀዋል። ውጤት፦ ከመቶ አንድ።*

«እትዬ! ምን አደረግሽ?»

«ፈረምኩ።»

«ምኑን?»

«መልሱን። ሰጥቼ ሳልፈርም ወደሚቀጥለው አልጋ ልሂድ?»

ሚጢ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች። ሲስተር ገመድ አልሳቀችም። በዋርድ ሕግ፣ ያልተፈረመበት መድኃኒት አልተሰጠም ማለት ነው። ለአንዱ በሽተኛ ሰጥተሽ፣ ፈርመሽ፣ ከዚያ ነው እግርሽን የምታነሺው። አዲስ የመጣች ነርስ ሁሉ ከእሷ ቁጣ ጋር የተማረችው ነገር ይኸው ነው።

«ምን ያስቅሻል?» አለች። «የሠራሁት አንድ፣ ያገኘሁት አንድ። ስህተት አለበት?»

በማግስቱ ጠዋት፣ ከሌላ አዳር በኋላ፣ ሁለተኛውን ሙከራ ጀመረች። አረንጓዴውን ቁልፍ እንዳትነካ እህቷ አስምላታለች። አልነካችም። ግን ሳትፈርም ማለፍ ልብሷ ውስጥ ጉንዳን እንደገባ ያቁነጠንጣት ጀመር። አምስት ጥያቄ ትመልስና ወደ አንደኛው ትመለሳለች፤ መልሱ አለ? አለ። ሁለተኛው? አለ። ሌላ አምስት ትጨምርና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።

«እትዬ፣ የነካሽው የትም አይሄድም። ራሱ ያስቀምጠዋል።»

«የት ያስቀምጠዋል?»

«ውስጡ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነው የሚባለው። ይሄ ወረቀት አይደለም፤ ሞኝም አይመስለኝም። ምኑን ልመነው?»

ከላይ በጥጉ ሰዓቱ ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው። አርባ ደቂቃ ሲቀራት ገና ሠላሳ አንደኛው ላይ ነበረች። ሚጢ ትዕግሥቷ አለቀና እጇን እህቷ እጅ ላይ ጭና ማውሱን ገፋችው።

«እጅሽን አንሺ!» ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች ዞረው አዩ። ሲስተር ገመድ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሄ እጅ ነው አንቺን ይዞ ‹ሀ› ያስጻፈሽ። አሁን ደግሞ አንቺ እጄን ይዘሽ ልታስጽፊኝ?»

ሚጢ እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። ሰዓቱ ዜሮ ሲደርስ ስክሪኑ በራሱ ተዘጋ። *ከመቶ ሃምሳ ሁለት።*

«ደክሞኛል ሚጢ» አለች ሲስተር ገመድ ስክሪኑን እያየች። «ሌሊቱን ሙሉ ሃያ ስምንት በሽተኛ ላይ ስዞር አድሬ፣ ጠዋት አንድ ሣጥን ‹አታውቂም› ይለኛል።»

ሚጢ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሲስተር ገመድ፣ እህቷ የተቆጣችባት መሰላት።

ሐሙስ ጠዋት ግን ሚጢ ቀድማት ደርሳ አገኘቻት። ኪቦርዱ አጠገብ ጠርዙ የተበላ፣ በእጥፋቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ወረቀት ዘርግታለች። በአንድ በኩል በእርሳስ የተጻፉ ጠማማ ፊደላት አሉበት። ሲስተር ገመድ ጽሑፉን ዐወቀችው።

«እስከ ዛሬ አስቀምጠሽዋል?»

«ጀርባውን ተዪው። ፊቱን ነው የምፈልገው።» ገለበጠችው። የመድኃኒት ቻርት ነው፤ ረድፍ በረድፍ ትናንሽ ሣጥኖች፣ አንዳንዱ ውስጥ ፊርማ። ሚጢ ጣቷን ከወረቀቱ ወደ ስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ወሰደች። እዚያም መቶ ትናንሽ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ለሁለት ቀን ጌጥ መስለዋት አላየቻቸውም።

«የመለስሽው ሰማያዊ ይሆናል። ነጭ የሆነውስ ምንድን ነው?»

«ያልተሰጠው በሽተኛ» አለች ሲስተር ገመድ ሳታስበው።

«ይቺ ትንሽ ባንዲራስ? ጥያቄው ካስቸገረሽ ትተክዪባታለሽ።»

«ተኝቶ ያገኘሁት። ወይ ያስመለሰው። ዞሬ የምመጣለት።»

«አረንጓዴው ቁልፍስ?»

ሲስተር ገመድ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን «አስረክብ» ደግማ አነበበች። «ጠዋት ተረኛዋ ስትመጣ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሁሉን ጨርሼ፣ አንዴ።»

«አየሽ፣ በምታውቂው ነገር ነው ያደከምሽኝ።»

ሦስተኛውን ሙከራ እንደ ዋርድ ዞረችው። ያስቸገራት ላይ ባንዲራ እየተከለች አለፈች፤ ወደ ኋላ መመለስ ሲያምራት ወደ ሣጥኖቹ አየት አድርጋ ትረጋጋለች። *ከመቶ ሰባ ሦስት።* ሚጢ ልትስማት ዞር ስትል፣ እህቷ አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። አልቀሰቀሰቻትም። ቢሮ አርፍዳ በመግባቷ የተቆጧትን ለማንም አልተናገረችም።

ቅዳሜ የፈተናው አዳራሽ በር ላይ ፈታኟ የሲስተር ገመድን ኪስ አየችና «እስክሪብቶ አይገባም» አለች።

«ታስሯል እኮ።»

«ይፍቱታ፣ እናቴ። ሲወጡ ይወስዱታል።»

ቋጠሮው በብዙ ዓመት እጥበት ድንጋይ ሆኗል። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ እያጉረመረመ በጥርሷ ፈታችው። ውስጥ ከተቀመጠች በኋላም እጇ በየጥያቄው ኪሷን ይዳብስ ነበር፤ በዚያ ሁሉ መልስ ላይ አንድም ቦታ ስሟ የለም።

ቢሆንም ዞረች። አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀር ዘጠና ዘጠኙ ሣጥን ሰማያዊ ሆነ። አንዱ ነጭ ቀረ፣ ባንዲራውን እንደተከለ። ስልሳ አራተኛው ነው። አራት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ፣ እሷ ዋርድ ውስጥ ከታየ ዘመን ያለፈው መድኃኒት፣ ስንት ይሰጠው?

ሚጢ አስጠንቅቃታለች፤ «ባዶ አትተዪ። ለስህተት አይቀንስም። ዓይንሽን ጨፍነሽ አንዱን ንኪ።»

የማውሱን ቀስት ወደ ምርጫዎቹ ወሰደችው። ‹ለ› ላይ ቆመች፣ ‹ሐ› ላይ ቆመች። ያቺ አንዲት ነጥብ በመርፌና በአንሶላ መካከል የቆመች ልትሆን እንደምትችል አልጠፋትም። እጇ ግን አልወረደም። እንቅልፍ ሊደፋት ባለበት ሌሊት እንኳ መድኃኒት ገምታ ቀድታ አታውቅም። ጨቅላው ውሸት ነው፤ ታውቃለች። አራት ኪሎው ግን ክንዷ ላይ ተሰማት።

አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች። ስክሪኑ ጠየቃት፦ *ያልተመለሰ አንድ ጥያቄ አለ። እርግጠኛ ነዎት?*

«ስላልሆንኩ እኮ ነው» አለችው በሹክሹክታ፣ ‹አዎ›ን እየነካች።

አንዲት ክብ ነገር ስትዞር፣ ስትዞር ቆየች። *ከመቶ ሰባ አንድ። አልፈዋል።*

ደስታው ወዲያው አልመጣም፤ መጀመሪያ የመጣው የእግሯ ሕመም ነው። በሩ ላይ ፈታኟ እስክሪብቶዋን መልሳ መዝገብ ዘረጋችላት። «ስምዎት ላይ ይፈርሙ።» ሲስተር ገመድ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ተጭና ፈረመች፤ ከሰዓታት በኋላ እጇ ዐረፈ።

ሚጢ አጥሩ ሥር ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። «ስንት?»

«ሰባ አንድ።»

አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ወዲያው ደግሞ ገፋ አድርጋ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ሁሉንም ሞላሽ አይደል?»

«አንድ ቀረ።»

«እትዬ! ምን አልኩሽ? ስልሳ ዘጠኝ ቢሆንስ ኖሮ?»

«አንሶላ አጥፍ ነበር። ማጠፍ እችላለሁ።»

«ኩራትሽ ነው የሚገልሽ!»

«እስከዚያው እንቅልፍ እንዳይቀድመው ቤት አድርሺኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀስቅሺኝ።»

«አዳርሽ የሚጀምረው ሁለት ሰዓት አይደለም እንዴ?»

«ነው። የመድኃኒት መጽሐፉ ያለው ዋርድ ነው፤ ቀደም ብዬ ልግባ።» ሲስተር ገመድ ፋሻውን ኪሷ ላይ መልሳ ቋጠረችው። «ስልሳ አራተኛው አልጋ አልተሰጠውም።»