አባቴ ላሚኔት ያደረጋቸው ደረሰኞች

አባቴ አንድን ወረቀት ከወደደ ላሚኔት ያደርገዋል፤ በጋለ ማሽን ፕላስቲክ ያለብሰዋል። ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው፤ ሱቁን ሲዘጋ ከዕቃው ሁሉ ያንን የላሚኔት ማሽን ብቻ ይዞ ቤት ገባ። የትምህርት ቤት ካርዴም፣ የጎረቤታችን ውሻ የክትባት ወረቀትም ከእጁ አላመለጡም። ቤታችን ጎርፍ ቢገባበት የምንበላሸው እኛ ነን እንጂ ወረቀቶቹስ ምንም አይሆኑም።

እኔ ሶፋ እሠራለሁ። የዓመቱ ግብር ማሳወቂያ ጊዜ የሚያበቃው ነገ ነው። ሒሳብ የምትሠራልኝ ሴት፣ “ወጪሽን በደረሰኝ ካላሳየሽ የሸጥሽው ሁሉ እንደ ትርፍ ይቆጠርብሻል” ብላ ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች። እንደዚያ ከሆነ የስፌት ማሽኔን ሸጬ ካልሆነ በቀር የምከፍለው የለኝም፤ ያለ ማሽኗ ደግሞ ሥራ የለኝም። ስለዚህ የስፖንጁን፣ የጨርቁን፣ የሙጫውን፣ የጭነቱን ደረሰኝ ዓመቱን ሙሉ በጫማ ካርቶን ሳጠራቅም ከረምኩ። እንደ እኔ ላለች ዝርክርክ ይህ ትልቅ ጀብዱ ነው።

ዛሬ ካርቶኑን አውርጄ ስከፍተው ባዶ ነው።

“አባዬ፣ እዚህ የነበሩት ወረቀቶች የት ሄዱ?”

“ጨረስኩልሽ” አለ። “የደረሰኝ ጽሑፍ ቶሎ ይጠፋል እያልሽ ስትጨነቂ አልነበር? ከእንግዲህ የልጅ ልጅሽም ያነበዋል።”

የተደረደረውን ክምር አቀበለኝ። ሁሉም ጥቁር ነው። የዛሬ ዘመን ደረሰኝ ቀለም የለውም፤ ወረቀቱ ራሱ በሙቀት ነው የሚጻፍበት፤ የጋለ ማሽን ውስጥ ሲገባ ከዳር እስከ ዳር ይጠቁራል። በአባቴ ዘመን ደረሰኝ የሚጻፈው በእስክሪብቶ ነበር። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ደግሞ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው፤ የሚሠራው በጣቱ ነው።

ክው አልኩ። ልቆጣ አፌን ስከፍት፣ “እስቲ ንኪው፣ አንድ አረፋ የለውም” አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለውም። ቁጣዬን ዋጥኩት፤ እሳት እንደመዋጥ ነበር።

በረንዳ ወጥቼ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ደወልኩ።

“ኮፒ አድርገሽ አታስቀምጪም ነበር?” አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። “በይ ከሻጮቹ ቅጂ ለምኚ።”

ለመንኩ። ስፖንጅ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ከሄደ ቆይቷል። ጨርቅ ሻጯ፣ “እህቴ፣ የደረሰኝ ማሽናችን ተቀይሯል፣ የድሮው የለም” አለችኝ። የጭነት መኪናው ሹፌር ስልኩን አያነሳም። ምን ይዋጠኝ? መልሼ ሒሳብ ሠራተኛዋ ጋ ደወልኩ።

“እኔስ ጥቁር ወረቀት ምን ብዬ ላስገባ?” አለች። ቀጥላም፣ “የስፌት ማሽን የሚፈልግ ሰው አውቃለሁ። ልጠይቅልሽ?” አለች። በክፋት አልነበረም።

“ጠይቂልኝ” አልኳት።

ስገባ አባቴ የላሚኔት ማሽኑን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ደስ ብሎታል፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ እንዲህ ደስ ሲለው አላየሁም።

“እስቲ አንዱን አንብቢልኝ” አለ። “ጥርት ብሎ ይታያል?”

የላይኛውን አነሳሁ። ከጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ የሚታየኝ የራሴ ፊት ብቻ ነው።

“ይታያል” አልኩ። “ስፖንጅ፣ ወፍራሙ።”

“እሺ፣ ቀጣዩስ?”

“ጨርቅ። አረንጓዴ።” ድምፄ ተሰበረብኝ።

“ምን ሆንሽ ልጄ?”

“ምንም። ጉንፋን ነው።”

ራሱን ነቀነቀ። “እኔ የምልሽ፣ የስፌት ማሽኗን ደረሰኝ ካርቶኑ ውስጥ በዳበሳ ፈልጌ አጣሁት። ያ ትልቁ ወረቀት ነው፣ በእጅ የተጻፈው። ዋናዋ ንብረትሽ እሷ አይደለች? አምጪው፣ ማሽኑ ገና አልበረደም።”

ደረሰኙ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ማሽኗን የሚገዛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አባቴ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

“ነገ አመጣልሃለሁ፣ አባዬ” አልኩት።