የአራስ ዶሮዎች

ልጇ ሚያዎ ማርገዟን ከሰማች ጀምሮ ሩዪን በጓሮዋ ቀርከሃ ጥግ ዶሮ ታረባ ነበር። በሊንሻን አገር የወለደች ሴት የመጀመሪያውን ወር ሙሉ በዝንጅብል የተሠራ የዶሮ መረቅ ትጠጣለች፤ ዶሮዎቹን የምታመጣውም የገዛ እናቷ ናት። እናቷ ባዶ እጇን የመጣች አራስ በአማቶቿ ቤት ቀና ብላ አትሄድም። ሚያዎ ደግሞ አንዴ አስወርዷት፣ አማቷ “የችጋራም ቤት ልጅ” ያለቻት ናት።

ስለዚህ ሩዪን አልሰነፈችም። እንደ መንደሩ ሰው የዶሮዎቹን ኩስ ጉድጓድ ውስጥ እያጠራቀመች የመሬት ትል ታራባበት፣ ጠዋት ጠዋት እያወጣች ትበትንላቸው ነበር። ትል የበላ ዶሮ መረቁ ይወፍራል ይባላል።

የሚያዎ መውለጃ ሲቃረብ ዶሮዎቹ ኩክኒያቸው ነጣ፣ ክንፋቸው ወደቀ፣ ደረታቸው እንደ ቢላዋ ሾለ። ጎረቤቷ አጉዪ በአጥር አጮልቃ፣ “እንደ ከተማ ሴት ክብደት ቀንሱ አልሻቸው እንዴ?” ብላ ሳቀች።

የከብት ሐኪሙ ፓን መጥቶ ከሁሉ የደከመችውን አረደና አንጀቷን ሰነጠቀው። እንደ ተቀቀለ የሩዝ ፓስታ የተጠቀጠቀ ነጭ ወስፋት ወጣ። ምን እንደምታበላቸው ሲጠይቃት ወደ ጉድጓዱ ወሰደችው። ጎንበስ ብሎ ኩሱን በእንጨት ገለጥ አደረገ።

“እትዬ፣ የወስፋቱ እንቁላል ኩሱ ውስጥ አለ። የመሬት ትሉ ይውጠዋል። አንቺ ደግሞ መልሰሽ ታጎርሻቸዋለሽ።”

“በገዛ እጄ ነዋ።”

“መንደሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።”

ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን ከጎረቤትም ጤነኛ ዶሮ እንደማይገኝ ብቻ ተረዳች። የወስፋት መድኃኒት ሲሰጣት ከሥጋቸው እስኪወጣ ድረስ አራስ እንዳትቀምሳቸው አስጠነቀቃት። አለመስጠት ደግሞ ሁሉንም መግደል ነበር። ሰጠቻቸው። የሞተው ወስፋት አንጀታቸውን ዘጋው፤ ሲነጋ አብዛኞቹን በቀርከሃው ሥር ተዘርረው አገኘቻቸው።

ከመካከላቸው ቆማ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ሚያዎ ነበረች፤ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ድምፅዋ ደክሟል።

“እማ፣ መቼ ትመጪያለሽ? አማቴ ድስቱን አጥባ አስቀምጣለች።”

ሩዪን የከተማውን ገበያ አሰበች። የፋብሪካ ዶሮ ይዛ ብትሄድ አማቲቱ ገና መሬት ያልጫረ እግሩን አይታ ታውቃለች።

“መንገዱን ጎርፍ ዘግቶታል፣ ልጄ።”

“ጎርፍ? እዚህ እኮ ጠብታ አልጣለም።”

 ሕፃኗ ስታለቅስ በስልኩ ተሰማት። ከዚያ ሚያዎ አፏን ከስልኩ አራቅ አድርጋ፣ አማቷም ቤቱ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

“ጎርፍ ነው አሉ፣ እማማ። መንገዱ ተዘግቷል።”