ከመዝገብ የተሰረዘው ትምህርት ቤት

በግጭቱ ሰሞን ቤታቸው ሲቃጠል፣ መምህር ደረሳ ሚስታቸውን ሶረቲንና ልጃቸውን ሌንሳን ይዘው ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ገቡ። ከቢላ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ፣ በጃንሆይ ዘመን የአካባቢው ሰው ድንጋይ ከወንዝ ተሸክሞ የሠራው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ተማሪው ከወላጁ ጋር ሸሽቶ ስለነበር ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ።

«ትምህርት እስኪጀመር ነው» አሏት ሶረቲን።

አራት ዓመት አለፈ። ደረሳ ትምህርት ቤቱ እንዲከፈት ቢላ እየሄዱ ማመልከት አልሰለቻቸውም። ሶረቲ ግድግዳ ልምረግ፣ መኝታ ልከልል ባለች ቁጥር «የልጆቹ ቦታ ነው፣ አይነካም» ይሏታል። ዴስኮቹ በአንድ ጥግ ተደርድረው፣ ቤተሰቡ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ይተኛል።

በጥቅምት ጫንያለው የሚባል የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከቢላ መጣ። የደረሳ ተማሪ የነበረ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ባርሲሳ?» ብሎ የድሮ መምህሩን በኦሮምኛ ሰላም አለና ጎንበስ ብሎ ወረቀት ሰጣቸው። «በዙሪያው ቤት ለቤት ቆጥረን ያገኘነው ልጅ አሥራ አንድ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ከመዝገብ ተሰርዟል።»

«የሸሹት ይመለሳሉ እኮ።»

«ብዙዎቹን ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር አግኝቻቸዋለሁ። ልጆቻቸውን እዚያው አስገብተዋል። አይመለሱም።» ጫንያለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቤቱን ግን ለእርስዎ አስፈቅጃለሁ። እንደ ልብዎ ይኑሩበት።»

«ገለታ ዋቃ!» አለች ሶረቲ፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ።

ሌንሳ አባቷን አየች። «አባ፣ እኔስ የት ልማር?»

ደረሳ ጫንያለውን ሸኝተው በዚያው ወደ ጎረቤታቸው ወርቂቱ ቤት ወረዱ። ወርቂቱ ሁለት ሴት ልጆች አሏት።

«መንግሥት ባይከፍተው እኔ ቤቴ አስተምራለሁ» አሏት። «ልጆቹን ሰኞ ላኪልኝ።»

ወርቂቱ አንገቷን ደፋች። «ነቀምቴ ሰው ቤት ተቀጠሩ፣ ባርሲሳ። ባለፈው ሳምንት ሄዱ።»

«ቆጠራው ላይ አሉ እኮ!»

«ሲቆጠሩ ነበሩ።»

ሌላ ቤት አላንኳኩም። ተመልሰው ሰሌዳውን ከግድግዳው ነቀሉና ለመኝታ መከለያ ሊቆርጡት መጋዝ አነሡ። ሌንሳ አንዱን ጫፍ ያዘችላቸው፤ ሶረቲ ጭቃ ማቡካት ጀምራለች።

«የመኝታውን በር በየት በኩል እናድርገው?» አለች ሶረቲ።

«በፈለግሽው በኩል» አሉ ደረሳ።