አባቴ ሁለተኛ የሚመለስበት ቦታ

በሜክሲኮ ከተማ የት እንደሚበላ ማወቅ የፈለገ እኔን ዴልፊናን ይጠይቅ። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። የትኛው ጥግ ላይ ማን ምን እንደሚጠብስ፣ ማን ሰኞ ሰኞ እንደሚቀር፣ የማን ዳጣ ከማን እንደሚሻል በቃሌ ነው የማውቀው። ተሳፋሪው ስልኩን አውጥቶ እዚህ ጥሩ ነው ይላል ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ስልክ ሆድ አለው እንዴ? ስልኩን ኪሱ አስከትቼ እኔ የፈለግኩበት አወርደዋለሁ። እስካሁን ተመልሶ የወቀሰኝ የለም።

እንግዲህ እኔን ነው አባቴ በአንድ ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ያዋረደኝ።

አባቴ ዶን ኤራክሊዮ ፑዌብላ ከተማ፣ ገበያው በር ላይ፣ አርባ ዓመት ሴሚታ ሸጧል። ሴሚታ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ነው፤ ተሰንጥቆ የተጠበሰ ሥጋ፣ አይብና አቮካዶ ይገባበታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፓፓሎ የሚባለው ቅጠል። የፓፓሎ ሽታ ጤና አዳምን ያስንቃል። አንዱ ሲበላው መንገድ ማዶ ያለው ያውቃል። ፓፓሎ የሌለበትን ሴሚታ አባቴ «ዳቦ በሥጋ» ነው የሚለው። ዘንድሮ የካቲት ላይ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ሥራውን ተወ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ብቻውን ነው።

ባለፈው ወር ጎረቤቱ ወይዘሮ ኦቱሊያ ደወሉልኝ። ጋዝ መንገድ ድረስ ሸቷቸው በሩን በርግደው ሲገቡ፣ ምድጃው ሳይለኮስ ተከፍቷል፣ አባቴ አጠገቡ ቁጭ ብሏል፣ ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነው አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይል ነበር። መጥተህ እኔ ጋ ኑር ብዬ ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። በመጨረሻ ለአንድ ቀን ሊመጣ እሺ አለ፤ እሱም በውል ነው።

«ሁለተኛ ልመለስበት የሚያሰኘኝ አንድ የምግብ ቦታ ካሳየሽኝ እቀራለሁ» አለኝ። «ካጣሁ በአስር ሰዓቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይሄን ነገር አታነሺብኝም።»

ሳቅኩ። ከመላው ዓለም መርጦ በማውቀው ነገር መጣብኝ አልኩ።

ጠዋት ከመነሃሪያው ተቀብዬ በቀጥታ ናርባርቴ ሰፈር ወሰድኩት። እዚያ ብስክሌት ላይ ቅርጫት ጭኖ ታኮ፣ በበቆሎ ቂጣ የተጠቀለለ ምግብ፣ የሚሸጥ ሰውዬ አለ፤ ድንቹም ቦሎቄውም በጨርቅ ተሸፍኖ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። አባቴ አንዱን በላና እጁን ጠረገ። ሰውዬው ወሬ ሲያወራ ጨርቁን ገልጦ ይረሳል፣ የላይኞቹ በርደዋል አለ። ዞር ብዬ ሳይ እውነትም ጨርቁ እንደተገለጠ ነው። እሺ ብዬ ዋጥኩት።

ከዚያ ዶክቶሬስ ሰፈር ሄድን፤ ሰፊ የብረት ምጣድ ላይ የበሬ ሥጋ የሚጠበስበት፣ ሹፌሮች ቆመው የሚበሉበት፣ እኔ ራሴ አሥራ አንድ ዓመት የበላሁበት ቦታ። አባቴ ግማሹን አስቀርቶ፣ ይሄ ሰው ቢላውንም መክተፊያውንም እጁንም የሚጠርገው በአንድ ጨርቅ ነው አለኝ። ቀስ ብሎ ቢለው ምን ነበረበት። አሥራ አንድ ዓመት እህቴ ሲለኝ የኖረው ባለቤት ፊቱን አዞረብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት አንድ ቦታ ቀርቶኝ ነበር፤ ፖርታሌስ ሰፈር ሴሚታ የሚሸጠው ሲሪሎ። የፑዌብላ ልጅ ነው። ስለ አባቴ ስነግረው እጁን በሽርጡ ጠርጎ ጨበጠውና አባት፣ እርስዎ ፊት መሥራት ያስፈራል አለው። አባቴ እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል፣ ሲሪሎ ጠረጴዛው ላይ እንደ አበባ ብርጭቆ ውስጥ ከሚያቆመው ፓፓሎ የቀረችውን ሁሉ አራግፎ በአባቴ ዳቦ ውስጥ ጠቀጠቃት። ለእኔ አልደረሰኝም። ሽታው ገና ሳይቀርብ አፍንጫዬን ሞላው።

አባቴ ተመለሰ፣ ነከሰ፣ አኘከ። ባዶውን የፓፓሎ ብርጭቆ አየው።

«ፓፓሎ የለውም» አለ። «ዳቦ በሥጋ ነው።»

ሲሪሎ እኔን አየኝ፣ እኔም ሲሪሎን። አንተ ግትር ሽማግሌ፣ ላለመቅረት ስትል ዓይንህን በጨው አጥበህ ትዋሻለህ ብዬ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ሽታው ከራሱ አፍ እየወጣ ፊቴ ላይ ይመጣል። ጢሙ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቁራጭ ተለጥፋለች።

ያኔ ነው ምድጃው ትዝ ያለኝ። አባቴን እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር። ጋዙ አልሸተተውም። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዳቦውን አስቀመጠና ጠረጴዛውን እያየ ነገረኝ። የገና ሰሞን የያዘው ጉንፋን ነው፤ ጉንፋኑ ሄደ፣ አፍንጫው አልተመለሰም። ጨው ያውቃል፣ ኮምጣጣ ያውቃል፣ ቃሪያም ያቃጥለዋል፤ ሌላው ሁሉ ካርቶን እንደማኘክ ነው። የደንበኞቹን ፊት እያየ ትንሽ ሠራ። የካቲት ላይ አንድ የድሮ ደንበኛው ሴሚታውን መልሶ፣ ዶን ኤራክሊዮ ሥጋው ተበላሽቷል አለው በጆሮው። በዚያው ቀን ጉልበቴ ብሎ ዘጋ። ለማንም አልተናገረም። እዚህም አንዱን ቦታ ግሩም ነው ብሎ ሊዋሸኝ ይችል ነበር፤ ግን በውሸት ቤቴ ገብቶ በየቀኑ በማዕድ ላይ ሊዋሸኝ አልፈለገም።

«አፍንጫ የሌለው ሰው ስለ ምግብ ምን አፍ አለው?» አለ።

ድምፁ ተሰበረ። እናቴን ስንቀብር እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም። አለቀስኩ፣ አልደበቅኩትም። ሲሪሎ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጀርባውን ሰጠን።

እኔ ግን እኔ ነኝ፤ እንባዬን ሳልጠርግ ተናደድኩ። የቅርጫቱን ጨርቅ ያየው ማን ነው? ያንን የቆሸሸ ጨርቅስ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አፍንጫና ምላስ ይዤ ያላየሁትን እሱ ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ አይቷል። ይሄን ሁሉ ፊት ለፊቱ ነገርኩትና ብድግ አልኩ።

«ተነስ» አልኩት። «አሁን የምትመርጠው አንተ ነህ። በዓይንህና በጆሮህ ምረጥ፤ ምላሱ የእኔ ነው።»

ታክሲዋን ሲሪሎ ደጅ ትተን በእግር ሄድን። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀስ እያለ ይራመዳል። ሰው የተኮለኮለበት አንድ ቦታ አለፈ፤ እዚህ ከሚበላው ፎቶ የሚያነሳው ይበዛል አለ። ሌላም አለፈ፤ ዘይቱ ይንጫጫል፣ ውሃ ገብቶበታል አለ። ጫማ ሰፊው ጥግ ስንደርስ ቆመ። ሰማያዊ ሸራ ስር አንዲት ሴት ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። በዚያ ጥግ ሺህ ጊዜ አልፌያለሁ፤ ምልክት ስለሌላት አንድ ቀን አቁሜ አላውቅም። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሴትየዋ ሊጡን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ ታደርጋለች፣ አንዱ ከምጣዱ ሲወጣ ብቻ ሌላው ይጣዳል።

«እዚህ» አለ።

የምትሠራው ትላኮዮ ነው፤ ከሰማያዊ በቆሎ ሊጥ የሚጋገር፣ ሆዱ ውስጥ ቦሎቄ ያለበት ሞላላ ቂጣ። ሁለት ሰጠችን። አባቴ የራሱን ይዞ አልነካውም፣ ፊቴን ያያል።

«ንገሪኝ» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ የምውለው ሴትዮ ቃል አጣሁ። ጫፉ ይንኮሻኮሻል አልኩ። እሱን እኔም አውቃለሁ አለ። ቦሎቄው ይጣፍጣል አልኩ። ሁሉም ይጣፍጣል፣ አንቺ ታክሲ ነጂ ነሽ እንጂ በላተኛ አይደለሽም አለኝ፣ እንደ ድሮው ተቆጥቶ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና ነከስኩ።

«ወደ መጨረሻ የሚመጣ ነገር አለ» አልኩት። «እንስላል ይመስላል፣ እንስላል ግን አይደለም። ትንሽ ጭስ ጭስም ይላል።»

አባቴ አሁን ነከሰ። ቀስ ብሎ አኘከ፣ ሲውጥ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የአቮካዶ ቅጠል ነው» አለ። «አመስ አድርጋ ከቦሎቄው ጋር ፈጭታዋለች። እናትሽ እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አዎ፣ ግን እንዴት አወቁ አባት አለችው። ልጄ ነገረችኝ አላት። የያዘውን ጨርሶ ሌላ አዘዘ፤ ያ እስኪበስል ቤቴ ያለው ምድጃ የጋዝ ይሆን እንደሆነ ጠየቀኝ። የጋዝ ነው፣ የእኔ አፍንጫ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል አልኩት። ሰዓቴ ለአስር ሩብ ጉዳይ ይላል። መነሃሪያው ቢያንስ አርባ ደቂቃ ያስኬዳል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘጋሁ።

እሱም ሰዓቴን አይቶ ነበር። ሁለተኛውን ሳይቸኩል በላ፣ ጣቱን ጠረገ፣ ነገ እሑድ ትሠራ እንደሆነ ሴትየዋን ጠየቃት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አለሁ አለችው።

«እንግዲያው ሁለት ሰዓት ላይ እንመጣለን» አላት። «ጨው ግን አንሶታል። ጨውን እኔም አውቃለሁ።»