አርባኛው ስም

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ድሬዳዋ ውስጥ ኮምፒውተር የሚችል ሰው ሁለት ነበር፤ አንዱ ሣህሉ ነው፣ ሌላው እስካሁን አልተገኘም።

ማሽኑ ከጅቡቲ በባቡር መጣ። ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ታዘዘ የሚያውቅ ሲጠፋ ቀበሌዎቹን የሚያስተዳድረው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ወሰደው። ሣህሉ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ታይፒስት ሲሆን አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሠልጥኖ ሲመለስ ሞስኮ ደርሼ መጣሁ ብሏል። ማሽኑ ሥዕል የለው፣ ምን የለው፤ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ በፈረንጅ ፊደል ትጽፍለታለህ፣ ይፈጽማል። ሣህሉ አጥርቶ የሚያውቀው አንድ ትእዛዝ ነው። አሮጌውን ቃል ትጽፋለህ፣ አዲሱን ታስከትላለህ፣ ቁልፉን ትጫናለህ፤ ማሽኑ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ይተክላል።

ማክሰኞ ጠዋት ደሄቦ መጣች። ቀፊራ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች፤ የሣህሉ ሟች ጓደኛ የሲያድ ሚስት ናት። የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ሐሙስ እንደሚነበብ ሰምታለች።

«ወሪያ ሣህሉ፣ ልጄ ኢስሃቅ አለበት?»

«አለበት፣ አባዮ እኅቴ። መጨረሻው ላይ፣ አርባኛ።»

«ትልቁን ልጄን ሰሜን ወስዳችሁ ወሬውን እንኳ አላመጣችሁልኝም። የቀረኝ ይሄ ነው። አውጣልኝ።»

«ባወጣው ሠላሳ ዘጠኝ ይሆናል። ቆጥረው ነው የሚረከቡት።»

«ታዲያ ሌላ ሰው ክተትበት። አንተን ውሸት ከመቼ ወዲህ ቸገረህ፣ አቦ?»

እውነቷን ነው። ሣህሉ በየሻይ ቤቱ ለዓመታት የሚያወራለት፣ እናት ያልወለደችው ክፍሌ ገብረወልድ የሚባል ሰው ነበረው። ክፍሌ ከዋሂል ሲመጣ አህያው ብትደክምበት ከነጭነቷ ተሸክሞ ቀፊራ ያራገፋት ነው። ባቡር ቢያመልጠው ደግሞ ሮጦ ቀድሞት ሽንሌ ላይ ሲጋራ እያጨሰ ጠብቆታል። ሣህሉ ኢስሃቅ ሲያድን ጻፈ፣ ክፍሌ ገብረወልድን አስከተለ፣ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ከወትሮው ረዘም አድርጎ አጉረመረመ። ሣህሉ ልብ አላለውም።

ሐሙስ ስሞቹ ተነበቡ። ሠላሳ ዘጠኙ ቀረቡ፣ ክፍሌ ቀረ።

አዲሱ የከፍተኛው ሊቀመንበር ጓድ ሀብተ ማርያም ከደሴ ከመጣ ወር አልሞላውም። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሰው ሲያወራ የብዕሩን ክዳን እየከፈተ ይዘጋል። ሻይ ቤት ገብቶ ክፍሌ ገብረወልድን የሚያውቅ እንዳለ ጠየቀ። ሰዉ የሣህሉን ጨዋታ ሊጫወት የመጣ መሰለው።

«እንዴት አናውቀውም፣ ጓድ። አህያ የተሸከመው አይደል?» አለ ባለጋሪው አብዲቃድር።

«ትናንት እንኳ ሳቢያን ሰፈር አይቼዋለሁ» አለ ሌላው። «ወፍሯል።»

ሀብተ ማርያም አልሳቀም። ሁሉንም ጻፈ።

ዓርብ ጠዋት ሣህሉን አስጠራው። ጠረጴዛው ላይ ከማሽኑ የወጡ ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ የስኳር ራሽን፣ የወጣት ማኅበር፣ የስብሰባ መቆጣጠሪያ። ሣህሉ ከላይ እስከ ታች አያቸው። በየትኛው ወረቀት ላይ እንደሚቀይር ለማሽኑ አልነገረውም ነበርና፣ ማሽኑ ሆዱ ውስጥ ያገኘውን ኢስሃቅ ሁሉ ክፍሌ አድርጎታል። ክፍሌ ሦስት ዓመት ሙሉ ስኳር ወስዷል፣ ከአንድም ስብሰባ አልቀረም፣ የቤት ቁጥርም አለው።

«ቤቱ ሄድን» አለ ሀብተ ማርያም። «ክፍሌ የለም። አንድ ወጣት አገኘን፤ ኢስሃቅ ነኝ ይላል። ኢስሃቅ የሚባል ሰው በእኛ ወረቀት አንድም ቦታ የለም።»

«እኔ አውቀዋለሁ፣ ጓድ። መታወቂያም አለው።»

«ወረቀቱ የማያውቀው ሰው መታወቂያ ከያዘ ሐሰተኛ ነው። ድንበር አጠገብ ነን፤ ስም የሌለው ሰው ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ። ከምሳ በኋላ ለሚመለከታቸው አስረክበዋለሁ።»

ለሚመለከታቸው ከተሰጡት ሰዎች አንድም ተመልሶ የታየ የለም። ሣህሉ ውሸት ፈለገ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣ። ስሙን ቢመልስለት ልጁ ከመርማሪ ይድናል፣ ግን አርባኛ ሆኖ ይጫናል።

«ማሽኑ ነው የተሳሳተው። ፊትዎ ላስተካክለው» አለ።

ተቀመጠ። ሀብተ ማርያም ከኋላው ቆመ። ሣህሉ መጀመሪያ የዘማቾቹን ወረቀት ብቻ ለይቶ ጠራ፤ ክፍሌን አስነሥቶ የራሱን ስም አስገባ። ቀጥሎ በቀሩት ወረቀቶች ሁሉ ክፍሌን ኢስሃቅ አደረገው። ማተሚያው እየተንጫጫ ወረቀቱን ተፋ።

ሀብተ ማርያም እስከ ታች አነበበ። «አርባኛ፣ ሣህሉ። ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ።» ቀና ብሎ የሣህሉን መላጣ አየ።

«ዕድሜው የልጁ ነው፣ ጓድ። እኔ አርባ ሁለቴ ነው።»

«ወረቀቱ አሥራ ዘጠኝ ካለ አሥራ ዘጠኝ ነህ። ልጁ ይፈታ። መኪናው ሰባት ሰዓት ይመጣል።»

ሣህሉ ሊነሣ ሲል ሀብተ ማርያም ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው፤ ሌላ ወንበርም ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ይሄ ትእዛዝ የማንንም ስም ይቀይራል?»

«የማንንም።»

«ከሁሉም ወረቀት?»

«ከሁሉም።»

ሀብተ ማርያም ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ። በእጅ የተጻፉ፣ ገጹን የሞሉ ስሞች ነበሩበት። የመጀመሪያው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«በአዲሱ ቃል ፋንታ ምንም ባልጽፍስ?» አለ።