የኑርሁሴን ባቡር

«እማ፣ ባቡር ወደ ኋላ ይሄዳል?»

ቱርኪያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ለጠፈች። ባቡር በዓይኗ አይታ አታውቅም። አገሯ ሐይቅ ባቡር የለም፤ ለሥራ የመጣችበት የዐረብ አገር ከተማ ሲብም የለም። ሲብ ያለው አውሮፕላን ነው፤ ጣሪያው ላይ ልብስ ስታሰጣ ሆዱን እያሳያት የሚያልፍ።

«እኔ እንጃ ልጄ። ምሳ በልተሃል?»

ኑርሁሴን መልስ ሳይሰጥ ስልኩን ለአያቱ አቀበለ። ለካ ‹ይሄዳል› ብሎ ከጎረቤቱ ልጅ ከወንድዬ ጋር ተወራርዶ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ በደወለች ቁጥር «ውጭ ነው»፣ «ተኝቷል» ሆነ። በመጨረሻም እናቷ መደበቁ ሰልችቷት፣ «አልመጣም ብሏል፤ ‹እሷ ምንም አታውቅም› ይላል» አለቻት። ትታው ስትመጣ ዳዴ የሚል ልጅ ነበር። ከእናቱ የሚያውቀው ድምፅዋን ብቻ ነው፤ አሁን እሱንም ጠላው ማለት ነው።

አላህ ሲሰጥ ግን የማን ልጅ ነሽ አይልም። አሠሪዋ ማዳም ራህማ ቁም ሣጥን ስታስጸዳ፣ ልጇ የሰለቸውን አንድ ካርቶን ወረወረችላት። «ያላ፣ ውሰጂው ወይ ጣይው።» ካርቶኑ ላይ ጥቁር ባቡር ጭሱን እየተፋ ይበራል! ቱርኪያ ወደ ማድ ቤት ሮጠችና ከፈተችው። ውስጡ ባቡር የለም፤ ትንንሽ የፕላስቲክ ስብርባሪ ከማጣበቂያ፣ ከቀለምና ከመገጣጠሚያ መመሪያ ጋር እንጂ።

ወጥ ሠሪዋ መሀቡባ አንገቷን አስግጋ አየች። «ይኼ ባቡር ነው የባቡር አጥንት? ስጪኝ፣ ለሾርባ ይሆነኛል።»

«አትቀልጂ አንቺ! ገጥመነው ይዘሽልኝ ትሄጃለሽ።»

«እኔ? የኔ ሻንጣ በብርድ ልብስ ሞልቷል።»

መሀቡባ የሐይቅ ልጅ ናት። ኮንትራቷን ጨርሳ፣ «ሚሌኒየሙን አገሬ ነው የምቀበለው» ብላ በሚቀጥለው ሐሙስ መሄዷ ነበር። እያሾፈችም ቢሆን ጠረጴዛውን ጠረገችላት።

የቤቱ ሰዎች ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ ሥራው ይጀመራል። መመሪያው ሥዕልና ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ቱርኪያ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ለምዳለች። በጥፍር መቁረጫ እየቆረጠች፣ በስንጥር ማጣበቂያ እየቀባች ትገጥማለች። ጣቶቿ እርስ በርስ ሲጣበቁ መሀቡባ በዘይት ታላቅቃቸዋለች። ጎማዎቹን የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ የገባ ዕለት፣ ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችው። ጎማዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ዞሩ። ወደ ኋላ ሳበችው፤ አሁንም ዞሩ።

«ይሄዳል! ወላሂ ወደ ኋላ ይሄዳል!»

«ቀስ በይ፣ ማዳምን ትቀሰቅሻለሽ! በእጅ ሲስቡትማ ድስትም ወደ ኋላ ይሄዳል።»

ቱርኪያ ክው አለች። እውነቷን ነው። ለልጇ ውሸት ልትልክ? ወደ ግቢው ወጥታ መኪና የሚያጥበውን ሾፌር፣ ሀሩንን ጠየቀችው። ሀሩን ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያደገ ነው።

«ሃይ! ይሄዳል እንጂ!» አለ እርጥቡን ጨርቅ እያውለበለበ። «የቀረ ፉርጎ ካለ ወደ ኋላ መጥቶ ነው የሚቀጥለው። ፉርጎውን ጥሎማ የት ይሄዳል?»

ከዚያ ወዲያ ቱርኪያን የሚይዛት ጠፋ። አካሉን ጥቁር፣ ጎማውን ቀይ ቀባች። ቀለሙ ቶሎ ይድረቅልኝ ብላም በርበሬ እንደምታሰጣ ጣሪያው ላይ አሰጣችው። የሲብን ፀሐይ የሐይቅ ፀሐይ አደረገቻት። ተመልሳ ስታየው ጭስ ማውጫው እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ጋደል ብሏል።

«ኻላስ፣ አለቀ! ገደልኩት!» ብላ ጭንቅላቷን ይዛ ወረደች።

መሀቡባ ባቡሩን ከእጇ ተቀበለች። «ሙቀት ያጎበጠውን ሙቀት ያቃናዋል» ብላ ጭስ ማውጫውን የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አደረገችው፤ ከዚያ በፎጣ ይዛ ቀስ እያለች አቃናችው። ቀጥ አለ! «አላልኩሽም? ለሾርባ ይሆናል ብዬ!»

ተቃቅፈው ሳቁ።

ሐሙስ ጠዋት ያልተቀባው ከኋላ የሚቀጠለው ፉርጎ ብቻ ነበር። ቱርኪያ ጣሪያውን ፈርታ ጥላ ውስጥ ቀባችው። ሀሩን መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ፉርጎው ገና እጅ ላይ ይለጠፋል።

«ተይው፣ ይቅር» አለች መሀቡባ፣ ባቡሩን በብርድ ልብሶቹ መሃል እያስተኛች። «ያለ ፉርጎም ያምራል።»

ቱርኪያ ፉርጎውን አየችው፤ ሀሩንን አየችው፤ ሳቋ መጣ። «ይቅር» አለች።

ከሳምንት በኋላ አርብ ስትደውል፣ ስልኩን ያነሣችው እናቷ አልነበረችም።

«እማ! መጣ! ወደ ኋላ ይሄዳል! ወንድዬ ተበላ!» ኑርሁሴን ያለከልካል። «ግን እማ፣ ከኋላው ያለው መንጠቆ ባዶ ነው።»

«ፉርጎው እኔ ጋ ነው ያለው።»

«አንቺ ጋ? ታዲያ እንዴት ይሆናል?»

«ባቡር ወደ ኋላ የሚሄደው ለምን ይመስልሃል?»

ቱርኪያ ትንፋሹን ታዳምጣለች።

«ፉርጎውን ሊያመጣ!»

«አዎ የኔ ጌታ! እንግዲህ ወደ እኔ ንዳው። የት እንደደረስክ በየአርቡ ትነግረኛለህ።»

«ዛሬ ከአልጋው ሥር እስከ በሩ ደርሷል!»

መሀቡባ ሄደች፤ ባቡሩም ሄደ። ቱርኪያና ፉርጎው ሲብ ቀሩ።