ምስማሩ ባዶ ሆኖ እንዳላይ

የሆስፒታሉ ሠራተኞች ከኋላዋ «እትዬ አንቀጽ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሌላ ሰው አይደለም፤ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው፣ የራጅ ክፍሉ ባለሙያ። ሰው ፈቃድ ሲጠይቃት አንቀጽ፣ ሲያረፍድ አንቀጽ፣ ጓንት ሳያደርግ ደም ሲነካ አንቀጽ ትጠቅሳለች። «እህቴ ስታስነጥስ እንኳ ንዑስ አንቀጽ አላት» እያለ ያስቃል። እሷም ስሙን ታውቀዋለች፤ ባትወደው ኖሮ ገና ድሮ ታስቀረው ነበር። የሰው ኃይል አስተዳደሩን ከያዘች ወዲህ ሆስፒታሉ በሠራተኛ ጉዳይ ተከስሶ አያውቅም፤ ይህንንም አፏን ሞልታ ትናገራለች።

መከራው የገባው በዚሁ ኩራቷ በኩል ነው።

በራጅ ክፍል የሚሠራ ሰው ደረቱ ላይ ትንሽ ባጅ ያደርጋል። ባጁ ሰውየው ላይ ያረፈውን ጨረር ይይዛል፤ በየጊዜው ወደ ላቦራቶሪ ይላክና ውጤቱ ይመጣል። ጨረር ከበዛበት፣ ሕጉ ከዚያ ክፍል አውጥታችሁ ሌላ ሥራ ስጡት ይላል። አንድ ሰሞን ታዲያ ባጅ እየጠፋ አስቸገረ። አንዱ ጋዋን ኪስ ውስጥ እንዳለ ታጠበ፤ ሌላው ቤት ተወስዶ የሕፃን መጫወቻ ሆነ። ተቆጣጣሪ መጥቶ «እስቲ ባጆቹን አሳዩኝ» ሲል ጎደሉ፤ ሆስፒታሉም ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። እትዬ አንቀጽ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። በማግስቱ አናጢ አስጠርታ ከራጅ ክፍሉ በር ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ሰሌዳ አሰቀለች። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምስማር፣ ከሥሩ ስሙ። ስትገቡ አንሱ፣ ስትወጡ መልሱ አለች።

እዚያ ላይ ብታበቃ ደግ ነበር። እሷ ግን በኮሪደሩ ባለፈች ቁጥር ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነው። ባዶ ምስማር ያየች እንደሆነ ባለቤቱን አስጠርታ በሽተኛው ፊት ልክ ልኩን ትነግረዋለች። «ምስማሩ ባዶ ሆኖ እንዳላይ!» ትላለች። ሰውየው ሥራ ላይ ስለሆነ ይሁን ባጁን ጥሎት ይሁን አትጠይቅም። ሠራተኛውም ከእሷ ምላስ ጨረሩ ቀለለው፤ ጨረር መቼም አይጮኽም። ባጆቹ እዚያው እንደተሰቀሉ ቀሩ። ተቆጣጣሪው ዳግም መጥቶ ተደርድረው ሲያያቸው «እንዲህ ነው እንጂ ሥርዓት!» አላት። ከላቦራቶሪ የሚመጣውም ውጤት ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ምን ያድርግ፣ የሚለካው ግድግዳውን ነው።

ወንድሟ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነው። ሕፃን ራጅ ሊነሣ መጥቶ ሲንፈራገጥ፣ እናትየው መያዝ ሲያቅታት፣ «አምጪው ወዲህ» ይልና ራሱ አቅፎ ይይዘዋል፤ ባልደረባው ያነሣዋል። ጨረር እንዲከላከልለት የሚለብሰው ከባድ ሽርጥ ወገቡ ላይ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ይገዛልን ብለው ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁም «ውጤታችሁ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ምን አዲስ ሽርጥ ያስፈልጋችኋል?» አለ። ጥያቄውን ይዛ የገባችው፣ መልሱንም ይዛ የወጣችው እሷው ናት።

መጀመሪያ ድዱ መድማት ጀመረ። ቀጥሎ ሳይመታ ሰውነቱ ይበልዝ ገባ። ሲመረመር የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ እህቲቱን ደረጃው ላይ አግኝቷት «የጨረር ባጁ ውጤት እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ንጹሕ ነው!» አለች፣ እንደ ልማዷ ኮራ ብላ። ቃሉ ካፏ ሳይርቅ ሰሌዳው ትዝ አላት፤ የደረጃውን ድጋፍ ያዘች። ሐኪሙ በወንድሟ ሕመም የደነገጠች መስሎት ደግፎ አስቀመጣት።

ወንድሟ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ለሥራ ክርክር ቦርድ አመለከተ። በሽታው ከሥራው የመጣ ነው ከተባለ ሆስፒታሉ እስከ መጨረሻው ያሳክመዋል። አይደለም ከተባለ የሕመም ፈቃዱ ሲያልቅ ይሰናበታል፤ መድኃኒቱም ያን ጊዜ ይቆማል። ነገሩ ይኸው ነው።

ከቀጠሮው በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «የሰሌዳውን ነገር እናገራለሁ» አለችው። ያሳደገችው እሷ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ገና ጫማውን ማሰር አይችልም ነበር።

«እታለም፣ ተይ» አላት።

«እኔ ነኝ የገደልኩህ።»

«ገና አልሞትኩም እኮ! ብቻ ዝም በይ፣ አደራ።»

ዝም በይ ያላት ለእሷ ክብር ተጨንቆ መሰላት።

በክርክሩ ቀን የተቀመጠችው በአሠሪው ወገን፣ ከጠበቃው ጎን ነው። የሰው ኃይል ኃላፊ ሌላ የት ትቀመጣለች? ጠበቃው የባጆቹን ውጤት ዘርግቶ «በዚህ በኩል እንከን የሌለው መሥሪያ ቤት ነው» አለ፣ በእጁ ወደ እሷ እያመለከተ። ፊት ለፊት ወንድሟ ኮቱ ሰፍቶት ተቀምጧል።

ሰብሳቢው «ባጁን ሥራ ላይ ታደርገው ነበር?» ብለው ጠየቁት።

ወንድሟ ወደ መስኮቱ አየ። «አዎ፣ ሁልጊዜ አደርገው ነበር።»

ውሸቱን ነው። ውሸቱን እንደሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቁ አሉ፤ ለአሠሪው ሊመሰክሩ የመጡት አንድ ራሰ በራ የራጅ ባለሙያና ባልደረባው ያውቃሉ። እትዬ አንቀጽ ብድግ አለች። ጠበቃው ቀሚሷን ይዞ ሊያስቀምጣት ሞከረ፣ መነጨቀችው።

«አያደርገውም ነበር! ማንም አያደርገውም። ኮሪደር ላይ ያሰቀልኳቸው እኔ ነኝ። ባዶ ምስማር ባየሁ ቁጥር የምጮኸው እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ውጤት የግድግዳ ውጤት ነው!»

ጠበቃው ቀስ ብሎ ተነሣ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ አመልካቹ ወንድማቸው መሆኑ ይመዝገብልኝ» አለ።

ሰብሳቢው ወደ ምስክሮቹ ዞሩ። «እናንተስ? ባጁን ታደርጋላችሁ ወይስ ተሰቅሎ ይውላል?»

ራሰ በራው ጫማውን አየ። «እናደርጋለን» አለ። ባልደረባውም አንገቱን ነቀነቀ።

«እመቤት፣ ኀዘንዎ ይገባናል» አሉ ሰብሳቢው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን አመልካቹ ራሱ አደርግ ነበር ብሏል። እርስዎም እስከ ዛሬ በፊርማዎ ያረጋገጡት ይህንኑ ነው።» ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

ውጭ፣ የቦርዱ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ወንድሟን ትንፋሹን እየሰበሰበ ተቀምጦ አገኘችው።

«ለምን ተናገርሽ?» አላት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «እውነቱን እንዲመሰክሩልኝ ሁሉንም እኮ እየዞርኩ ለምኛቸዋለሁ። ልጆች አሉን፣ ከሥራ እንባረራለን አሉኝ። ክሱ እንደማይሆን ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። የቀረኝ የአንቺ ሥራ ነበር፣ እታለም። አንቺ ሥራሽ ላይ ከቆየሽ መድኃኒቱን ትገዢልኛለሽ ብዬ ነው የዋሸሁት።»

«ምነው ብትነግረኝ!»

«ብነግርሽ አንቀጽ ትጠቅሺልኝ ነበራ» አለና ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው።

በማግስቱ የስንብት ደብዳቤዋን ተቀብላ ዕቃዋን ልታወጣ ገባች። ኮሪደሩ ላይ የሚያውቋት ሁሉ አጎንብሰው አለፏት። ራሰ በራው ከራጅ ክፍሉ ወጥቶ ፊት ለፊት ተገጣጠሙና በቆመበት ቀረ። ባጁ ደረቱ ላይ ነው። ከኋላው የወጣው ባልደረባውም አድርጓል፤ በሽተኛ በጋሪ የምትገፋዋም እንዲሁ። ማየት አልፈለገችም፤ ዓይኗ ግን አልታዘዝ ብሏት ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ምስማሮቹ ባዶ ናቸው። ከአንዱ በቀር ሁሉም ባዶ ናቸው፤ እሱ ላይ የወንድሟ ባጅ እንደነበረ ንጹሕ ሆኖ ተሰቅሏል።